ሰባ ዓመት የዘገየው አሳንሰር

አያቴ ከእኔ በአሥራ ሰባት ዓመት ታንሳለች። ይህን ስናገር ሰዎች ምላሴን ያዳለጠኝ እየመሰላቸው ያርሙኛል፤ እኔም አልከራከርም። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እሷ ሠላሳ አንድ፣ በመካከላችን ያለችው እናቴ ደግሞ ሰባ ስድስት። ሦስታችን አውቶቡስ ስንሳፈር አያቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ለልጇ ትለቅላታለች፤ ተሳፋሪውም አስተዳደጓ ያማረ ልጅ እያለ ያመሰግናታል።

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ያለው ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በነበረ ባለ አራት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ሥር ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ላዩ መኖሪያ፣ ታቹ ሱቅና ቢሮ ሆነ። ከድሮው የተረፉት ቁመታቸው የሰው እጥፍ የሚሆን መስኮቶች፣ ሰፊው ግቢና የዕቃ አሳንሰሩ ናቸው። አሳንሰሩ ተጣጣፊ የብረት ፍርግርግ በር አለው፤ ሲወርድ ወገቡን እንደሚያመው ሽማግሌ ያቃስታል። ለሰው ሌላ አዲስ አሳንሰር ስላለ፣ በአሮጌው የምጠቀመው፣ ላይ ወዳለው ዕቃ ቤቴ የጨርቅ ጥቅል የማመላልስበት፣ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቴ የምትኖረው እዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ለሽያጭ ሲወጣ ማንንም ሳታማክር ገዛችው። ለምን ይህን እንደመረጠች ስጠይቃት ለሱቅሽ ስለሚቀርብ አለችኝ። እውነተኛውን ምክንያት ግን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ በዚያ ፎቅ ላይ በሽመና ማሽን ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ፈረቃዋ ሲያልቅ በመስኮቱ ብቅ ብላ ጠብቂኝ፣ እየወረድኩ ነው አለቻት። ልጅቷ ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀች። እናትየዋ ግን አልወረደችም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመጣችም። ጥላሽ ሄደች አሏት። ይህን ታሪክ እናቴ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ልብስ እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ወዲያ በቤታችን እንዳይነሣ ከለከለች።

እንግዲህ ያ ቀን ሐሙስ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። የገበር ጨርቅ ጥቅል ታቅፌ አሳንሰሩን እጠብቃለሁ። መጣ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። ፍርግርጉ ተከፈተና ሦስት ሴቶች ወጡ። ፀጉራቸውን በጨርቅ ጥፍር አድርገው አስረዋል፤ ከወገባቸው ትንንሽ መቀስ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ቅንድባቸውና ትከሻቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ዱቄት ሰፍሯል። ፊልም የሚሠሩ መሰሉኝ። እርስ በርስ ያወራሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። ከንፈራቸውን እያሾሉና እየለጠጡ፣ በእጃቸው እያገዙ ይነጋገራሉ፤ ሲስቁ እንኳ ያለ ድምፅ ነው የሚስቁት።

በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ተከራዮች ስለተማረሩ ድምፁ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ሴቶቹ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። አንዲት ወጣት የአየር ጠባይ ትናገራለች። የሴቶቹ ታላቅ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ትከሻ ሰፊ ሴት፣ የራስ ጨርቋን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች፤ በአክብሮት አንገቷን ሰበር አድርጋ በከንፈሯ አንድ ነገር መለሰችላት። ጠበቀች። ደግማ መለሰች። ከዚያ ፊቷን አጥቁራ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። ነገሩ የገባኝ ከቀናት በኋላ ነው። ልጅቷ በምሥራቅ በኩል ከባድ ዝናብ ስላለ ተጠንቀቁ ስትል፣ ትልቋ ሴት ከንፈሯን አንብባ፣ ስላሰብሽልን እናመሰግናለን፣ እኛ ግን ቤታችን በምዕራብ በኩል ነው ብላ መልሳላት ኖሯል። ልጅቷ ከቁብ ሳትቆጥራት ወሬዋን ቀጠለች። ትልቋ ሴት ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ ዛሬ አሳምራ ታውቃለች፤ ያቺን ልጅ ባየች ቁጥር ግን አሁንም ፊቷን ታዞራለች።

ጥበቃው መስማት የተሳናቸው እንግዶች ናቸው ብሎ አዘነላቸው። ማንን ፈልጋችሁ ነው ብሎ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፈና አሳያቸው። ትልቋ ሴት አነበበችው።

"አንተ ልጅ፣ መናገር አትችልም እንዴ?" አለችው። ድምፅዋ የአዳራሹን መስታወት አነቃነቀው። የጥበቃው ብዕር ከእጁ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያኔ ሁለት መቶ የሽመና ማሽን ነበር። ሁሉም ባንድ ላይ ሲሠራ ሰው የራሱን ማስነጠስ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ በከንፈር መነጋገር ተማሩ፤ የከንፈር ወሬ ይሉታል። ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ያለችውን ባልደረባቸውን ምን በላሽ ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሱን ያነባሉ፣ ይተማማሉ። ድምፅ ካወጡ ደግሞ ለዚያ ጩኸት የተገራ ድምፅ ነው የሚወጣቸው። መካከለኛ የሚባል ነገር የላቸውም።

ከሦስቱ አንዷ በዚህ ሁሉ መሃል ወደ መስታወቱ በር ሄዳ ግቢውን እየቃኘች ነበር። ተመልሳ ወደ እኔ መጣች። ዕድሜዬንና አለባበሴን አይታ መሰለኝ፣ በአክብሮት ነው ያናገረችኝ።

"እትዬ፣ እዚህ በር ላይ አንዲት ልጅ አላዩም? ስድስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ጠብቂኝ፣ እየወረድኩ ነው ብያት ነበር።"

የታቀፍኩት ጥቅል ከእጄ ወድቆ እስከ ጥበቃው እግር ድረስ ተዘረጋ። ፊቷን አየሁት። ቅንድቧ የእናቴ ነው። በመስተዋት የማየው የራሴ አገጭ ከእኔ ባነሰች ሴት ፊት ላይ ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል።

ሦስቱንም ወደ ሱቄ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው፤ እንዴት እንደምጀምር ግን ጨንቆኝ ነበር። የገላገለችኝ ትልቋ ሴት ናት። ጓደኞቿ አለቅዬ ይሏታል፤ የፈረቃው ተቆጣጣሪ ናት። ሻዩን ትታ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የመጋረጃ ጨርቅ አነሣች። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችው፣ ወደ ብርሃን አንሥታ ገለበጠችው። አሥር ክንድ ያህል እንዲህ ፈተሸች። ከዚያ ጨርቁን በቀስታ አስቀምጣ አንድም እንከን የለውም አለች። እሷ በሠራችበት ሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጨርቅ አይታ አታውቅም፤ የትኛውም ማሽን በየክንዱ አንድ ክር ይስታል። ስንት ዓመት ቆየን ብላ ጠየቀችኝ። ሰባ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ጨርቁ ላይ ካየችው ጋር የተስማማ ይመስል።

ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ድምቢጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ሰባ ዓመት ሲባል መጀመሪያ በጣቶቿ አሰላች፣ ቀጥሎ ፈገግ አለች። በሚቀጥለው ወር ለአንድ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሊድሯት ነበር፤ እሷ ደግሞ ሰውየውን አትወደውም። አሁን መቶ አራት ዓመቱ ነው ማለት ነው፣ እንግዲህ ይጠብቀኝ አለች።

አያቴ ስለ ዘመኑ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ልጇ ሰባ ስድስት ዓመት እንደሞላት፣ እኔም የልጇ ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ጤነኛ ናት ወይ አለችኝ። ደህና ናት፣ ጆሮዋ ብቻ አይሰማም አልኳት። ጥርሷስ በቀለ ወይ አለችኝ።

"በቅሎ፣ አገልግሎ፣ ተመልሶ ወልቋል" አልኳት።

እያለቀሰች ሳቀች። የአያቴን ድምፅ ያለው ሳቅ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት፤ ከጎረቤት ሱቅ መጥተው ምን ሆናችሁ ብለውናል።

ወዲያው ልሂድ አለች። የከለከልኳት እኔ ነኝ። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ድንጋጤ እንዳይነካት ሐኪሟ አጥብቆ ነግሮናል። ከድንጋጤውም በላይ ቁጣዋን ፈራሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ስለ እናትሽ የሰማሁት አለ ብሎ ቢመጣ፣ ቃሉን ሳይጨርስ ነው በሩን የዘጋችበት። ስለዚህ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ ትንሽ ታገሺ አልኳት። እታገሥ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ቢያንስ ከሩቅ ልያት አለች። በማግስቱ አብረን ወጣን። እናቴ በሩን ከፍታ ከእኔ ጎን የቆመችውን ወጣት ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ሠራተኛ አልፈልግም ብዬሽ አልነበረም?" አለችኝ። ቀጥላም "በይ ግቢ፣ ጫማሽን እዚያ አውልቂ" አለቻት።

አያቴ ገባች፤ ጫማዋን እዚያ አወለቀች። በዚያው ቀረች።

እንዲህ ሆኖ አያቴ የልጇ የቤት ሠራተኛ ሆነች። ለሦስት ሳምንት ያህል ደስታዋን ለመደበቅ ስትታገል ማየት ነበር። እናቴ ሳህን አጣጠቧን ትነቅፋለች፣ አልጋ አነጣጠፏን ትነቅፋለች፤ እናትሽ ምን አስተማረችሽ ትላታለች። አያቴ ለወለደቻት ልጅ እማማ፣ እርስዎ ማለት ግድ ሆነባት። ምላሴ እሺ አይለኝም ትለኝ ነበር። አንዳንዴ ሾርባውን ስታቀርብላት ትረሳውና በከንፈሯ ብቻ "ትኩስ ነው፣ እፍ በይበት" ትላታለች። እናቴ የከንፈሩን እንቅስቃሴ እንኳ በቅጡ ስለማታይ ራሷን ትነቀንቃለች። እናቴ ሁሉንም ነገር በራስ ንቅናቄ ማለፍ ከጀመረች ቆይታለች። መነጽሯ ሁልጊዜ ግንባሯ ላይ ነው እንጂ ዓይኗ ላይ አይደለም፤ ከቅርብ ያለ ፊት ለእሷ ጭጋግ ነው። ሩቅ ያለውን ግን እንደ ጭልፊት ታያለች፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሆና ሱቄ ስንት ሰው እንደገባ ትቆጥራለች። ሆኖም አንድ ቀን ይህች ልጅ ብቻ ናት ስታወራ የምትሰማኝ፣ ሌላው ሁሉ ያንሾካሹካል አለችኝ። ለፋብሪካ ጩኸት የተገራው የአያቴ ድምፅ ነበር የሚሰማት።

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። ዛሬ፣ ነገ እያልኩ አዘገየሁት።

ሁለቱ ደግሞ እኔ ቤት ነበሩ። አዲሱን ዘመን ከጠበቅሁት ፈጥነው ለመዱት፤ የተቸገሩት በሌላ ነገር ነው። በፋብሪካ ሕግ የሚሠራ ማሽን ብቻውን አይተውም። አለቅዬ የልብስ ማጠቢያው በተከፈተ ቁጥር በርጩማ አምጥታ ፊቱ ትቀመጣለች፤ እስኪጨርስ እጇን ከላዩ አታነሣም። ደግሞም ማሽን ድንገት ዝም ካለ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ቁርስ ላይ ተቀምጠን የማቀዝቀዣው ሞተር ራሱን ሲያጠፋ ሁለቱም ጣታቸውን መቀሳቸው ላይ አድርገው ብድግ ይላሉ። ዳቦዬን አስጥለውኝ ያውቃሉ። በሁለተኛው ሳምንት እኔም አብሬ መነሣት ጀመርኩ።

አለቅዬ ሱቄ ውስጥ ሥራ ጀመረች። ከጅምላ ሻጭ የሚመጣውን ጥቅል በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ትቀበላለች። አንድ ነጋዴ ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ነው ብሎ ሲምል ዝም ብላ አዳመጠችው፣ ከዳር ክር መዝዛ በእሳት ለኮሰች፣ አመዱን አሸተተችና ጥቅሉን መልሳ መኪናው ላይ ጫነችለት። ድምቢጥ ደግሞ ስልክ በአራት ቀን ቻለች። ፊት ለፊት እየተያዩ የሚደዋወሉበትን ካወቀች በኋላ ከእጇ አልወጣም። መንገድ ማዶ ቆማ ለአለቅዬ ትደውላለች፤ ሁለቱም ስልኩን ፊታቸው ይዘው፣ ትንፍሽ ሳይሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይተማማሉ። አጠገባቸው የሚያልፈው ሰው ድምፁ ተበላሽቶባቸው መስሎት ሊያስተካክልላቸው ይሞክራል። ጥበቃው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ስህተቱ አልተጸጸተም፤ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለና ድምቢጥን ወስዶ አስተዋወቃት። ከንፈር ማንበብ እያስተማረች፣ በእጅ ማውራት እየተማረች ነው። ልጆቹ መቶ አራት ዓመት የሞላው እጮኛ እንዳላት ሁሉ ያውቃሉ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ረፋድ ላይ፣ እኔና ድምቢጥ የመጋረጃ ዘንግ ይዘን ከሱቁ ስንወጣ እናቴ ግቢው ውስጥ ነበረች። ፀሐይ ልትሞቅ ወርዳ ነው፤ ንፋስ ግን ነበር፣ ካፖርቷም እንደተከፈተ ነው። ቀና ስል አያቴን አየኋት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በትልቁ መስኮት፣ ጨርቅ ይዛ መስታወት ትወለውላለች። እሷም እናቴን አየቻት። ጨርቁ በእጇ እንዳለ ቆመች። ያሰበችበት አይመስለኝም፤ ኋላ ስጠይቃትም እጄ ነው የቀደመኝ ብላኛለች። መስታወቱን ኳ ኳ አደረገችና በከንፈሯ አንድ ነገር ተናገረች፣ በጣቶቿም ደረቷ ላይ ቁልፍ የመቆለፍ ምልክት አሳየች።

"ካፖርትሽን ቆልፊ ነው ያለቻት" አለችኝ ድምቢጥ።

እናቴ ኳኳታውን አልሰማችም። ግን እንደ ወትሮዋ ወደ ራሷ መስኮት ቀና ብላ ኖሯል። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቆመ። እጇ ቀስ ብሎ ተነሣና ካፖርቷን ከላይ እስከ ታች ቆለፈች። ከዚያ አፏን ከፈተች። ከንፈሯን አሾለች፣ ለጠጠች። እናቴ እንዲህ ስታደርግ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጠብቂኝ፣ እየወረድኩ ነው የተባለችው በድምፅ አልነበረም። ሁለት መቶ ማሽን እየጮኸ፣ መስታወት ተዘግቶ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በድምፅ እንዴት ይባላል? በየቀኑ በምሳ ሰዓት እናትና ልጅ እንዲሁ ነበር የሚነጋገሩት።

ድምቢጥ እጄን ይዛ ትተረጉምልኝ ጀመር።

"በልቻለሁ አለች። እማማ ናቸው በልቻለሁ ያሉት። አያትሽ ምን በላሽ አለቻት። ዳቦ አሉ። እ..." ድምቢጥ ቆም አለች። "የት ቆየሽ አሏት።"

አያቴ መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስደገፈች። መልሷ ረጅም ነበር። ድምቢጥ አልተረጎመችልኝም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ የእኔንም ትከሻ ይዛ አዞረችው። ይኼ የእኛ አይደለም አለችኝ። ሰው ሁሉ ያልፋል ያገድማል። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ላይ አንዷ ታች፣ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ለሌላው ሰው ይኸው ነበር።

ስንዞር አያቴ ጨርቁን ጥላ ከመስኮቱ ልትሄድ ስትል አየናት። በከንፈሯ ሦስት ቃል ብቻ ተናገረች፤ እሱ ያለ አስተርጓሚም ገባኝ። ጠብቂኝ፣ እየወረድኩ ነው።

እናቴ ግቢውን የሞላ ድምፅ አወጣች።

"አሳንሰሩን ተይው! በደረጃ ውረጂ!"

አያቴ በደረጃ ወረደች። ደረጃው ሰባ ሁለት እርከን ነው፤ ስንቱን እንደረገጠችው እንጃ፣ በዓይን ጥቅሻ ግቢው ውስጥ ነበረች። እናቴ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችና ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አየቻት። ከተቃቀፉ በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳህን ሳሳጥብሽ ለምን ዝም አልሽ ትላታለች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ሲነገራት ቁጣዋ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የደም ግፊቷን ወዲያው ለካሁት። ከእኔ ይሻላል።

በሚቀጥለው ቀን የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ አስመጣሁ። ሁሉንም ፈትሾ ምንም የለውም፣ ለማንኛውም ገመዱን ቀይሬዋለሁ አለኝ። እናቴ ግን በበሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ አስገባችበት። የጨርቅ ጥቅሎቼን አሁን በትከሻዬ ነው የማወጣው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ ብል ማጋነን አይደለም። ያም ሆኖ እናቴ አንድ ነገር እንዳላለቀላት አውቅ ነበር። ጠዋት ስንገባ አያቴን ታያታለች፣ ታያታለች፣ ደግሞ ትተክዛለች። አንድ ቅዳሜ ለባብሳ ጠበቀችንና የምንሄድበት ቦታ አለ አለች። የት ስንላት የአክስቷን ልጅ ስም ጠራች።

ይህችን ሴት እኔ የማውቃት በሩቁ ነው። የአያቴ እህት ልጅ ናት፣ ሰማንያ ዓመቷ። እናቴ እናቷን ካጣች በኋላ ያደገችው እነሱ ቤት ነው። ሁለቱ ከተኳረፉ ግን ከእኔ ዕድሜ በላይ ይሆናል፤ ምክንያቱን ስጠይቅ እናቴ ዝም ነበር የምትለኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ነገረችን። ያን ቀን በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የአክስቷ ልጅ መጥታ፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፣ እናትሽ ከጭነት መኪና ሹፌር ጋር ስትሄድ አይቻታለሁ፣ ጥላሽ ሄደች፣ ነይ ወደ ቤት ብላታለች። ወሬው ከዚያ ተነሥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፤ አብረዋት የጠፉትን ሁለቱንም በዚያው መኪና ጫናቸው። በኋላ የሞቱት ሁሉ ይህንኑ እንዳመኑ ሞቱ። አሁን የቀረችው ያቺው የተናገረችው ብቻ ናት።

አያቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዞረች። ሹፌሩ ማነው አለች በመጨረሻ። እናቴ አላውቅም አለች። እኔም አላውቀውም አለች አያቴ፤ መልከ መልካም እንኳ ቢሆን ምን ነበረበት። ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

የአክስቷ ልጅ የምትኖረው ከልጇ ጋር ነው፣ ምድር ቤት። ደወሉን እናቴ ደወለች። በሩ ተከፈተ። አንዲት አጭር አሮጊት፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ መጀመሪያ እናቴን አየች፣ ቀጥላ እኔን፣ መጨረሻ ላይ አያቴን። የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። እኛ ማን መሆናችንን ለማስረዳት በአውቶቡሱ ጉዞ ሙሉ ያሰናዳነው ንግግር ነበር፤ አላስፈለገም።

"አክስቴ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት" አለች።

"አንቺ ነሽ" አለች እናቴ።

"ሌሎቹ ናቸው።"

"አንቺ ነሽ። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሽ ነበር።"

"ሰማያዊ ቀሚስ ኖሮኝ አያውቅም።"

ሰማንያና ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸው ሁለት አሮጊቶች ደጃፍ ላይ ስለ ቀሚስ ይከራከሩ ጀመር። አንዷ ወሬኛ ትላለች፣ አንዷ አልቃሻ ትላለች። አያቴ ድምፅዋን አንድ ጊዜ ብቻ አወጣች፤ ሁለታችሁም ዝም በሉና ግቡ አለች። ሁለቱም ዝም ብለው ገቡ።

ሳሎኑ ውስጥ አያቴ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸውና እሷ መካከል ቆመች። የእህቷን ልጅ ለምን እንዲህ እንዳለች ጠየቀቻት፤ በቁጣ አይደለም። አሮጊቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። ብርድ ነበር አለች፤ ይህቺ ልጅ ከበሩ አልነቃነቅም ብላ፣ እኔ ደግሞ ይዘሻት ነይ ተብዬ ተልኬ፣ ርቦኛል፣ ብርድ ገብቶኛል። እናትሽ የለችም ካልኳት ትመጣለች ብዬ ነው። የጭነት መኪናው በመንገድ ሲያልፍ ያየሁት ብቻ ነበር። ከዚያ ትልልቆቹ ሰምተው ተቀበሉት፤ እኔም መመለሻው ጠፋኝ። ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ልነግራት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ የት እንደሄድሽ ሳላውቅ ምን ልበላት?

አያቴ ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ራስ ሳመችው። አሥር ዓመትሽ ነበር አለቻት። ቀጥላ ግን ቀና ብላ፣ አሁን ሰማንያ ሆኖሻል፣ ንገሪያት አለች።

አሮጊቷ መነጽሯን አደረገች።

"ጥላሽ አልሄደችም" አለች ለእናቴ።

"አልሰማሁም" አለች እናቴ።

"ጥላሽ አልሄደችም።"

"ምን?"

አሮጊቷ የወንበሯን እጀታ ይዛ ወደ ፊት ዘንበል አለችና ባላት ድምፅ ሁሉ ደገመችው። ከጓዳ የልጇ ሚስት ወጥታ ምን ተፈጠረ አለች። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እግሯን አነባብራ፣ ፊቷ በርቶ ተቀምጣለች። ለአራተኛ ጊዜ ልታስደግማት አፏን ስትከፍት አያቴ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገችላት።

"ይበቃል፣ ልጄ" አለቻት።

እናቴም እሺ አለች።